ረቂቅ ሕግን በጆሮ ማንበብ፦ ማየት የተሳነው የስቴት ምክር ቤት አባል ሥራውን እንዴት ያደራጃል?

የኒው ዮርክ ስቴት ሕገ መንግሥት አንድ ረቂቅ ሕግ ለመጨረሻ ድምፅ ከመቅረቡ በፊት ያለቀለት ቅጂው ቢያንስ ሦስት የምክር ቤት ቀናት በአባላቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲያድር ያዛል። የሚያይ አባል ወረቀቱን ረስቶት ቢከርም ክርክሩ ሲጀመር ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይደርስበታል። ማየት የተሳነው አባል ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ነው ወደ አዳራሹ የሚገባው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚያልቀው በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ከአዳራሹ ውጭ ነው።

ዴቪድ ፓተርሰን በዚህ ምክር ቤት የኒው ዮርክ ከተማ ሠፈር የሆነውን ሃርለምን ወክለው ከ1985 እስከ 2006 በሴናተርነት ሠርተዋል (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና የሦስት ወር ሕፃን ሳሉ የያዛቸው ኢንፌክሽን ወደ ዓይን ነርቭ ተዛምቶ የግራ ዓይናቸውን ብርሃን ጨርሶ፣ የቀኙን ደግሞ አብዛኛውን አጥፍቶባቸዋል። ብሬይል አልተማሩም። ሠራተኞቻቸው ሰነዱን እያነበቡ በስልክ የድምፅ መልእክት ሳጥን ይቀዱላቸው ነበር፤ እሳቸው ሰምተው በቃላቸው ይይዙ ነበር።

ብዙ ሰው የማስታወስ ችሎታቸውን ያነሣል፤ በእርግጥም ያስደንቃል። የእሳቸውን መንገድ ለሚከተል ሰው ግን የሚጠቅመው ከማስታወሱ በፊት ያለው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ማን ያነብባል፣ ስንት ደቂቃ ያነብባል፣ ምኑን ያስቀድማል፣ አንባቢውንስ ማን ይቆጣጠረዋል። ይህ መመሪያ በዚያ ላይ ያተኩራል። የተጻፈውም በአሜሪካ ለስቴት ምክር ቤት ለመወዳደር ለሚያስቡ አካል ጉዳተኛ ወገኖችና በእነርሱ ጽሕፈት ቤት ለሚቀጠሩ ወጣቶች ነው።

ስም ከማስመዝገብዎ በፊት

ከዜግነት ይጀምሩ። ግሪን ካርድ ይዞ ለስቴት ምክር ቤት መወዳደር አይቻልም። የዜግነት ፈተናውን ሲወስዱ በትልልቅ ፊደል ወይም በብሬይል የተዘጋጀ ወረቀትና ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ መብትዎ ነው። ይህ በሐኪም ማስረጃ ከእንግሊዝኛና ከታሪክ ፈተና ነፃ ከሚያደርገው ቅጽ የተለየ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ጥያቄውን አስቀድመው በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ። ፓተርሰን ከሆፍስትራ የሕግ ትምህርት ቤት ቢመረቁም የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን አላለፉም፤ ለዓይናቸው በቂ ማመቻቸት እንዳልተደረገላቸው ተናግረዋል። ፈተና ላይ ከወደቁ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ከፈተናው በፊት ከተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር አይተካከልም።

ቀጥሎ የነዋሪነት መስፈርት አለ። በኒው ዮርክ የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ በስቴቱ አምስት ዓመት፣ በምርጫ ወረዳው ደግሞ ከምርጫው በፊት የነበሩትን 12 ወራት መኖር ያስፈልጋል። ሌላው ስቴት የራሱ ሕግ አለው፤ ለምርጫ ቦርዱ ደውለው ያረጋግጡ። አካል ጉዳተኛ ተከራይ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ሊፍቱ የሚሠራ ወይም ደረጃ የሌለው ቤት ሲያገኝ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሌላ ወረዳ ይገባና ዓመቱ ይቋረጥበታል። ቤት ከመቀየርዎ በፊት የአዲሱን አድራሻ ወረዳ ይጠይቁ።

ገንዘቡ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ እጩዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። የስቴት ምክር ቤት ደመወዝ ከስቴት ስቴት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኒው ዮርክ በዓመት 142,000 ዶላር ይከፍላል፤ ኒው ሃምፕሻየር 100 ዶላር። የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ የሚወስዱ ከሆነ የሥራ ገቢ ጣሪያ አለብዎት፤ በ2025 ጣሪያው ለዓይነ ስውር በወር 2,700 ዶላር፣ ለሌላ አካል ጉዳተኛ 1,620 ዶላር ነበር። ከጣሪያው በላይ ቢያገኙም ክፍያው ወዲያው አይቋረጥም፤ በ60 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ወር የሥራ ሙከራ ጊዜ አለ። የሚወስዱት ኤስኤስአይ (ገቢና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) ከሆነ ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ የአንድ ሰው ሀብት ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ያስገድዳል። የምርጫ ዘመቻ መዋጮ ለአንድ ሌሊት እንኳ በግል የባንክ ሒሳብዎ ቢያድር ከጣሪያው አልፈው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የዘመቻ ኮሚቴው የራሱን ሒሳብ ይክፈት፣ መዋጮ የሚቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ድረስ መጥቶ የሚያለብስና የሚያጥብ ረዳት ላላቸው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው። የረዳቱ ዋጋ ከምክር ቤቱ ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ስቴቶች ለሚሠሩ አካል ጉዳተኞች በወር ትንሽ እየከፈሉ ሜዲኬይድን የሚያቆዩበት ፕሮግራም አላቸው። ማመልከቻውን ከምርጫው ቀን በፊት ይጨርሱ። ቃለ መሐላ በተፈጸመ ሳምንት የገቢ ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቁና ደረሰኝ ይቀበሉ። ያላሳወቀ ሰው ከዓመት በኋላ «በትርፍ የተከፈለዎትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የግል ችግር መሆኑ ቀርቶ የተቃዋሚ ማስታወቂያ ይሆናል።

ፊርማና በር ማንኳኳት

ፓተርሰን ወደ ሴኔት የገቡት በልዩ ምርጫ ነው። በነሐሴ 1985 ሴናተር ሊየን ቦግስ ሲሞቱ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በኒው ዮርክ ልዩ ምርጫ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ የለውም፤ እጩውን የሚሰይመው የፓርቲው ኮሚቴ ነው። በመስከረም አጋማሽ 648 የዲሞክራቲክ ፓርቲ ኮሚቴ አባላት ተሰብስበው በመጀመሪያው ዙር 58 በመቶ ሰጧቸው። የ31 ዓመት ሰው ነበሩ።

ይህ ዓይነቱ ድምፅ ለማያይ እጩ ከአደባባይ ዘመቻ ይልቅ ይመቻል፤ ሥራው በስልክ ነውና። ዝርዝሩን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ፣ በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሊነበብ በሚችል ሰንጠረዥ ያስገቡት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አራት አምድ ብቻ ይያዙ፦ ስም፣ ስልክ፣ መጨረሻ የተናገረው ቃል፣ ቀን። «እናስብበታለን» ያለውን ደጋፊ ብለው አይቁጠሩ። ራስዎ ይደውሉ፤ ረዳት የደወለለት ሰው ድምፅዎን አያውቅም፣ እርስዎም ድምፁን አያውቁም። ይህ ስልክ ኋላም ዋጋ አለው፤ በድምፁ ያወቁት ሰው ስብሰባ ላይ «እንደምን አሉ» ሲል ስሙን ጠርተው ይመልሱለታል።

በመደበኛ ምርጫ ግን ፊርማ መሰብሰብ አይቀርም። በኒው ዮርክ ለሴኔት 1,000፣ ለአሴምብሊ (ለታችኛው ምክር ቤት) 500 ሕጋዊ ፊርማ ይጠየቃል፤ ጊዜው 37 ቀን ነው። ሦስት እጥፍ ይሰብስቡ፤ ተቃዋሚ ጠበቃ እያንዳንዱን መስመር ይመረምራል። ፊርማ የሚወድቀው በጥቃቅን ነገር ነው፦ ፈራሚው የሌላ ፓርቲ አባል ሲሆን፣ ቀኑ ሳይጻፍ ሲቀር፣ የአድራሻው ከተማ ሲዘለል፣ ከታች ያለው የምስክር ቃል በሌላ ቀለም ሲሰረዝ ሲደለዝ። እርስዎ ወረቀቱን ማየት ስለማይችሉ የምስክርነቱን ሥራ ለሚያይ በጎ ፈቃደኛ ይተዉት፤ እርስዎ ያነጋግሩ፣ እሱ ያስፈርም። ማታ ማታ ሌላ ሦስተኛ ሰው ወረቀቶቹን ይለይ። በቀን የተገኘ ስህተት በማግስቱ ይካካሳል፤ በመጨረሻው ሳምንት የተገኘ ግን አይካካስም።

በር ለማንኳኳት ሁለት ሆኖ መሄድ ጥሩ ነው። በሁለት ሰዓት ከ25 እስከ 30 በር ይደረሳል። መንገድ መሪውን ክርኑን ይያዙት እንጂ እሱ እርስዎን አይያዝዎ፤ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ሲሄድ ደረጃውን በክርኑ ያውቁታል። በሩ ሲከፈት መሪው ዝም ይበል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መራጩ ጥያቄውን ለመሪው ያቀርባል፣ መሪው ይመልሳል፣ እጩው እንደ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። መሪው ጥያቄ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ እጩው እንዲያዞር አስቀድመው ያለማምዱት። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም እጩ ደግሞ ደረጃ ያለበት ቤት ሲገጥመው እግረኛ መንገዱ ላይ ይቆይ፣ በጎ ፈቃደኛው አንኳኩቶ ነዋሪውን ወደ ደጅ ይጥራ። ተሸክመው እንዲያወጡት መፍቀድ አደጋ ነው፤ ወንበሩም ሰውም ይሰበራል።

በአካል ጉዳትዎ የሚያሾፍ ሰው አይጠፋም። በዲሴምበር 2008፣ ፓተርሰን የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ሳሉ፣ አንድ የታወቀ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም ዓይነ ስውርነታቸውን መዘባበቻ ሲያደርገው ጽሕፈት ቤታቸውም የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌደሬሽንም ተቃውመዋል። መልሱ አጭርና በአንድ ነጥብ ላይ ያተኮረ ይሁን፦ ማየት አለመቻልን ሥራ ካለመቻል ጋር ማያያዝ ሥራ የሚፈልግን ሌላ ዓይነ ስውር ይጎዳል። ከዚያ ወደ ሥራ መመለስ ነው።

ረቂቁ እንዴት ይነበባል?

የረቂቅ ሕግ ገጽ ለዓይን የተሠራ ነው። በኒው ዮርክ አዲስ የሚገባው ቃል ከሥሩ ይሰመርበታል፣ ከነባሩ ሕግ የሚወጣው ቃል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል፣ በግራ ጠርዝ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። ስክሪን ሪደር ይህን ገጽ ሲያነብ ምን እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ እንይ። ረቂቁ የሚለው «አከራዩ ቢያንስ 30 ቀን» የነበረው «60 ቀን» እንዲሆን ነው እንበል፤ ሠላሳው በቅንፍ፣ ስድሳው ከሥሩ በሠረዝ። ፕሮግራሙ ቅንፉን ዘልሎ፣ ሠረዙን ሳይጠራ፣ የመስመር ቁጥሩን መሀል ላይ ደንቅሮ እንዲህ ያነበዋል፦ «አከራዩ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሠላሳ ስድሳ ቀን»። አሥራ ሁለቱ የመስመር ቁጥር ነው። ይህን የሰማ ሰው ሕጉ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ይባስ ብሎ ያወቀ ሊመስለው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በኮምፒውተሩ ነው። ኤንቪዲኤ በተባለው በነፃ የሚገኝ ስክሪን ሪደር ላይ የቅንብር ማውጫውን ከፍተው ዶክመንት ፎርማቲንግ በሚለው ሥር የፊደል ባሕርያትን እንዲያሳውቅ ያድርጉ፤ የሥርዓተ ነጥብ ደረጃውንም ቅንፍ እስኪጠራ ድረስ ከፍ ያድርጉት። ከፒዲኤፍ ይልቅ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይጠቀሙ፤ በፒዲኤፍ ውስጥ ሠረዙ ብዙ ጊዜ የተሳለ መስመር እንጂ የፊደሉ ባሕርይ ስላልሆነ ፕሮግራሙ ጨርሶ አያገኘውም። ስካን ተደርጎ የመጣ ማሻሻያ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ነውና ወደ ጽሑፍ ሳይለወጥ ምንም አይነበብም።

ሁለተኛው ደረጃ የሰው ሥራ ነው። አንድ ሠራተኛ የመስመር ቁጥሮቹን አጥፍቶ፣ ለውጥ ባለበት ቦታ ሁሉ «ይወጣል»፣ «ይገባል»፣ «አበቃ» የሚሉ ቃላትን ያስገባ። ያን ጊዜ ከላይ ያለው መስመር «አከራዩ ቢያንስ፣ ይወጣል ሠላሳ አበቃ፣ ይገባል ስድሳ አበቃ፣ ቀን» ይሆናል። አሥር ገጽ ረቂቅ ለለመደ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የመስመር ቁጥር ያለበት ዋናው ቅጂም ይቀመጥ፤ በክርክር ላይ «ገጽ 3 መስመር 12» የሚል ሰው ሲነሣ ረዳቱ ከዚያ ይፈልጋል።

ሁሉንም ረቂቅ በሙሉ መስማት አይቻልም፤ የሚያይ አባልም ሁሉን አያነብም። ስለዚህ የተቀዳ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የፓተርሰን ጽሕፈት ቤት በድምፅ መልእክት ሳጥን ያደርገው የነበረውን ዛሬ በስልክ መቅጃ መሥራት ይቀላል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ማስታወሻ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይሁን። ሰው በእንግሊዝኛ ሲያነብ በደቂቃ ወደ 150 ቃል ይሄዳል፤ አምስት ደቂቃ ማለት 750 ቃል ገደማ ነው። ከዚያ ከረዘመ ለሁለት ይከፈል። ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ጆሮ የት ቦታ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ የፈለገውን ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኛል። አንድ ሙሉ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፤ ረቂቁ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፦

«ማክሰኞ ለድምፅ የሚቀርብ። ቁጥሩ ኤስ፣ አራት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። እደግመዋለሁ፤ አራት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ አከራይ ተከራይን ከማስወጣቱ በፊት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ከሠላሳ ወደ ስድሳ ቀን ያሳድጋል። የሚለወጡት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ቀኑ። ሁለተኛው፣ ልብ ይበሉ፣ ‹ማሳወቅ ይችላል› የነበረው ‹ማሳወቅ አለበት› ሆኗል። ለስቴቱ ወጪ የለውም። በኮሚቴ ዘጠኝ ለአራት አልፏል። የሚደግፉት የተከራዮች ማኅበራት፣ የሚቃወሙት ትናንሽ አከራዮች ናቸው። ከወረዳችን እስከ ትናንት አሥራ አንድ ስልክ፣ ስምንቱ ድጋፍ። የሚጠበቀው ጥያቄ፦ ሁለት ክፍል ብቻ የሚያከራይ ሽማግሌስ? መልሱ፦ ረቂቁ ከአራት ክፍል በታች ያለውን ቤት አይነካም፤ ንዑስ ክፍል ሐ። እስካሁን ያለው የሰነዱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሐሳብ ነው፤ ድጋፍ ቢሰጡ ይሻላል። አበቃሁ።»

ቁጥሩ አኃዝ በአኃዝ መጠራቱን፣ «ይችላል» ወደ «አለበት» መለወጡ ለብቻው መነሣቱን፣ የሰነዱና የሠራተኛው ሐሳብ በግልጽ መለየቱን ያስተውሉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። የሚያይ አባል የሠራተኛው አስተያየት ካልጣመው ሰነዱን ራሱ ይገልጣል፤ የሚሰማ አባል ግን ሁለቱም በአንድ ድምፅ ስለሚደርሱት ድንበሩ ካልተነገረው የሰው ግምት የሕግ ቃል ሆኖ ይቀመጥበታል።

ይህ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው፤ ሊሸፋፈን አይገባም። በሰው ድምፅ ብቻ የሚሠራ አባል አንባቢው የዘለለውን አያውቅም። መቆጣጠሪያው እንዲህ ነው፦ አንባቢዎች ሁለት ይሁኑና በየሳምንቱ ርዕስ ይቀያየሩ። በሳምንት አንድ ቀን አባሉ ራሱ ከዝርዝሩ አንድ ረቂቅ በዘፈቀደ መርጦ ሙሉውን በስክሪን ሪደር ይስማና ከማስታወሻው ጋር ያስተያየው። የለመደ ሰው በደቂቃ 300 ቃልና ከዚያ በላይ ስለሚሰማ ሃያ ገጽ እንኳ ብዙ አይፈጅበትም። አንባቢው እንደሚፈተሽ ሲያውቅ አነባበቡ ይለወጣል። በእኛ አስተያየት ብሬይል ለመማር ጊዜ ያለው ሰው ይማር፤ ፓተርሰን ያለ ብሬይል መሥራታቸው እንደሚቻል ያሳያል እንጂ እንደሚመረጥ አያሳይም። ስም፣ አኃዝና የንግግር መነሻ የተጻፈባት አንዲት የብሬይል ካርድ ኪስ ውስጥ ስትኖር የአእምሮን ሸክም ታቀልላለች።

ረጅም ንግግር በቃል ለመያዝ ጽሑፉን እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ በማይበልጡ ክፍሎች ይከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል መክፈቻ የሚሆን አንድ ቃል ይምረጡና መጀመሪያ የመክፈቻ ቃላቱን ብቻ በተርታ ያጥኑ። ከዚያ ክፍሎቹን ከመጨረሻው ወደ ፊት እየመጡ ይለማመዱ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ማብቂያው ነው፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ስለሚጀምር መጨረሻውን ጥቂት ጊዜ ብቻ ያለማምደዋልና። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ የቃል ትምህርት ሌሊት ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚቀጸል ያውቃል፤ ያ ልማድ እዚህ በቀጥታ ይሠራል። በአንድ ንግግር ውስጥ ከአምስት አኃዝ በላይ አያስገቡ።

ሦስቱ ቀን ሲጠፉ

የኒው ዮርክ አገረ ገዥ የአስቸኳይነት መልእክት ከላኩ የሦስት ቀኑ ግዴታ ቀርቶ ረቂቁ በዕለቱ ድምፅ ሊሰጥበት ይችላል። ይህ የሚበዛው በሁለት ወቅት ነው፦ የበጀት ዓመቱ ኤፕሪል 1 ስለሚጀምር በመጋቢት መጨረሻ፣ እና ስብሰባው በሚዘጋበት በጁን። ያን ጊዜ ረቂቁ እኩለ ሌሊት ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ገጽ ይመጣል። የሚያይ አባልም ይቸገራል፤ የማያይ አባል ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በጭፍን ድምፅ ይሰጣል።

የሚሠራው ሦስት ሰው ጎን ለጎን ማሰለፍ ነው። አንዱ ካለፈው ቅጂ የተለወጠውን ብቻ በኮምፒውተር አነጻጽሮ ያወጣል። ሁለተኛው ለኮሚቴው የሕግ አማካሪ ደውሎ «ዛሬ ማታ ምን ተጨመረ፣ ማን አስጨመረው» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው የሁለቱን ውጤት በአሥር አሥር ደቂቃ እየቀዳ ይልካል። የበጀቱን ክፍሎች ግን በየካቲት ወር ከወዲሁ ያጥኑ፤ ጥር ላይ የቀረበውን የአገረ ገዥውን ሐሳብ ያወቀ ሰው በመጋቢት መጨረሻ የሚሰማው ልዩነቱን ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ

ቃለ መሐላ ከመፈጸምዎ በፊት አዳራሹ ባዶ በሆነበት ቀን ሁለት ጊዜ ይግቡ። ከበሩ እስከ ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ እስከ መድረኩ ያለውን እርምጃ ይቁጠሩ። በመተላለፊያው ጠርዝ ያለ ወንበር ይጠይቁ። ማይክሮፎኑ ከየት በኩል እንደሆነ በእጅዎ ይለዩ፤ የማያይ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ወደተጠየቀበት ድምፅ ዞሮ ማይክሮፎኑን ይተወዋል፣ ቃሉም በመዝገብ አይገባም።

ድምፅ የሚሰጠው በቃል፣ እጅ በማውጣት ወይም በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ነው። በቃል ሲሆን ችግር የለም። እጅ ሲወጣ ስንት እጅ እንደወጣ፣ የማን እንደሆነም አያውቁም፤ ቆጠራው ጮክ ተብሎ በስም እንዲነበብ በጽሑፍ ይጠይቁ። የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው አረንጓዴና ቀይ ብቻ ከሆነ የራስዎ ድምፅ በትክክል መመዝገቡን እንኳ ማረጋገጥ ስለማይችሉ፣ ረዳትዎ አጠገብዎ ተቀምጦ እንዲያነብልዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። በብዙ ምክር ቤቶች ክርክር እየተካሄደ ሠራተኛ እንደ ልቡ አዳራሹ ውስጥ አይቀመጥም።

ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ኮሪደሩ አለ፣ የምክር ቤት ሥራ እኩሌታው እዚያ ነው። ሰው ትከሻዎን መታ አድርጎ «ያን ነገር እንዳትረሱብኝ» ብሎ ያልፋል። ማን እንደሆነ ካላወቁ እጁን ሳይለቁ «ማን ልበል?» ይበሉ። ማፈር አያስፈልግም። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ሠርግ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ «እስቲ ማነኝ?» እያሉ በድምፅ መፈተን የተለመደ የፍቅር ጨዋታ ነው፤ ለእንደራሴ ግን አይመችም፣ ከኋላ አሥር ሰው ተሰልፎ ይጠብቃልና። ረዳትዎ ሰው ሲቀርብ ስሙን ቀድሞ ጮክ ብሎ ሰላም ይበል፤ «አቶ እገሌ፣ እንደምን ዋሉ» ሲል ለእርስዎም ማስታወቁ ነው።

ማመቻቸትን መቼና ለማን መጠየቅ

በጁላይ 26 ቀን 1990 የተፈረመው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የስቴት መንግሥታትንም ያስገድዳል። ሕጉ አለልኝ ብሎ መቀመጥ ግን አያዋጣም። በ2021 የኒው ሃምፕሻየር ተወካዮች ምክር ቤት፣ 400 አባላት ያሉት፣ በወረርሽኙ ጊዜ በርቀት መሳተፍን አልፈቀደም፤ ሕመምና አካል ጉዳት ያለባቸው አባላት አፈ ጉባኤውን ከሰሱ። በ2022 የፌደራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሕግ አውጪነት ከለላ ምክንያት ለአፈ ጉባኤው ፈረደ። ከዚህ የሚወሰደው ግልጽ ነው፦ ምክር ቤቱ በራሱ ሥነ ሥርዓት የወሰነውን በፍርድ ቤት ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው። የሚፈልጉት ነገር በውስጥ ደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ደንቡ የሚጸድቀው ደግሞ አዲሱ ምክር ቤት ሲከፈት ነው።

ስለዚህ ኖቬምበር ላይ እንዳሸነፉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ይጻፉ። አንዱ ለምክር ቤቱ አስተዳደር ይሁን፤ መሣሪያን፣ ወንበርን፣ በርን፣ ሠራተኛን የሚመለከት። ሁለተኛው ለአፈ ጉባኤውና ለደንብ ኮሚቴው ይሁን፤ ረዳት በአዳራሹ ውስጥ ከአባሉ አጠገብ ስለመቀመጡ፣ ቆጠራ በቃል ስለመነበቡ፣ ማሻሻያዎች ስካን ሳይሆን በጽሑፍ ፋይል ስለመላካቸው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አስተዳደሩ መሣሪያውን ገዝቶለት የደንቡ ጉዳይ ተረስቶ ይቀራል። «ማመቻቸት ይደረግልኝ» ብለው በጥቅሉ አይጻፉ፤ ልኩን ይጻፉ። ተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ በሩ ሲከፈት 32 ኢንች ስፋት፣ ለመዞሪያ 60 ኢንች ቦታ፣ ከጠረጴዛ ሥር ለጉልበት 27 ኢንች ከፍታ፣ መወጣጫው ለአንድ ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት። መስማት የተሳነው አባል ከሆነ ሁለት አስተርጓሚ፤ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ካልተተካኩ እጃቸውም አእምሯቸውም ይደክማል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ስምና ቁጥር ነው።

ወደ አመራር ለመውጣት የሚያስብ ደግሞ መድረኩን ራሱን አስቀድሞ ያስመርምር። የሚሠሩ አባላት የሚቀመጡበት ወለል ተስተካክሎ አፈ ጉባኤው የሚቀመጥበት ከፍታ ግን በደረጃ ብቻ የሚወጣ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው። ጂም ላንጀቪን በ16 ዓመታቸው በጥይት አደጋ እጅና እግራቸው ሽባ የሆኑ፣ ከ1989 ጀምሮ የሮድ አይላንድ ምክር ቤት አባል የነበሩና በ2001 ወደ ዋሽንግተን የገቡ ሰው ናቸው። በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት መድረክ ላይ ተቀምጠው ስብሰባ የመሩት ግን በጁላይ 26 ቀን 2010፣ ማንሻ ሊፍት ከተገጠመ በኋላ ነው። ሳይረስ ሀቢብ በስምንት ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡ የዋሽንግተን ስቴት እንደራሴና ሴናተር ነበሩ፤ በ2017 ምክትል አገረ ገዥ ሆነው ሴኔቱን ለመምራት ሲመጡ የማን እጅ እንደወጣ በብሬይል የሚያሳውቅ መሣሪያ ተዘጋጅቶላቸዋል። ሴናተሩ ለመናገር ሲፈልግ ያሳውቅ ነበር፣ ስሙም በሰብሳቢው ጣት ሥር ይወጣ ነበር።

ፓተርሰን በኖቬምበር 2002 የሴኔቱ አናሳ ፓርቲ መሪ ሆነው ሲመረጡ አሥራ ሰባት ዓመት አገልግለው ነበር፤ በጃንዋሪ 2007 ምክትል አገረ ገዥ ሆነው በሕጉ መሠረት የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንዲህ ያለው ሽግግር የሚመጣው በምርጫና በቃለ መሐላ መካከል ባሉ ሰባትና ስምንት ሳምንታት ነው። የመሣሪያ ግዢ፣ የአናጢና የኤሌክትሪክ ሥራ ግን ከዚያ ይረዝማል። መድረኩን የሚለካው ሰው በአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት)፣ ምክር ቤቱ በተዘጋበት ወር ይግባ፤ ልኩ የሰፈረበት ወረቀትም ማን እንደሚመረጥ ሳይታወቅ በምክር ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ።